አርባ አራቱ ሳጥኖችና የቀደድኩት ደብተር

ዛሬ የጻፍኩት ረዘም ያለ ነው። ቡና የያዛችሁ ከቡናችሁ ጋር፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ያላችሁ ከሰልፋችሁ ጋር አንብቡት። የ18 ማዞሪያን የማታ ሰልፍ የሚያውቅ ሰው ጽሑፌ ከሰልፉ እንደሚያጥር አይጠፋውም።

ባለፈው ሳምንት ለትምህርት ቤት ባነር ላሠራ አጠና ተራ አካባቢ አንድ ማተሚያ ቤት ገባሁ። ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠው ወጣት ቀና ብሎ አየኝና "ቲቸር!" ብሎ ከወንበሩ ተነሣ። ፊቱን ወዲያው አወቅሁት፤ ስሙ ትንሽ ቆይቶ መጣልኝ። እዚህ አልጽፈውም። ራሱ አንብቦት ከፈለገ ኮሜንት ላይ ይናገር።

ይህን ልጅ በ2006 ዓ.ም. አሥረኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። ያኔ ማስተማር ከጀመርኩ ገና ጥቂት ዓመቴ ነበር፤ ክፍል መቆጣጠር ማለት ማስፈራራት የሚመስለኝ ጊዜ። ስለ መቅደላ እያስተማርኩ ልጁ ከኋላ ወንበር አጎንብሶ ይጽፋል። ኖት የሚወስድ ተማሪ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ቀረብ ስል ኖት አይደለም። የደብተሩን ገጽ በማስመሪያ ስድስት ቦታ ከፍሎ ሥዕል እየሣለ ነው። ነጠቅሁት። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም ሁሉም እያየ ደብተሩን ከመሃል ለሁለት ቀደድኩት። አሁን ስጽፈው ራሱ አፍራለሁ።

በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ገብቼ ሻይ እየጠጣሁ አንዱን ግማሽ ገለጥ አደረግሁት። ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ እየጎተቱ ነው። መድፉ ብቻውን ሦስት ሳጥን ጨርሷል፤ ሰዎቹ ጉንዳን ያክላሉ። አንዱ ጎታች ከአፉ በወጣው ፊኛ ውስጥ "ወገን፣ ይሄ ነገር መሣሪያ ነው ወይስ ቅጣት?" ይላል። እኔ እኮ ያንን ጉዞ በእንግሊዝኛ፣ በሁለት መስመር፣ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ነው ያለፍኩት። ከጋፋት መቅደላ ድረስ ያንን ሁሉ ገደል መድፍ መጎተት ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ የልጁ ሥዕል ያስተምር ነበር። ሳቅሁ። ከዚያ ደነገጥኩ። ከዚያ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደወል ተደወለና ረሳሁት።

ልጁ የአሥረኛ ክፍል ማትሪክ ውጤት አልመጣለትም፣ መሰናዶም አልገባም። በሥዕሉ ምክንያት ነው አልልም፣ በእኔ ምክንያት ነውም አልልም። ግን ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ቆሜ ዝም ማለት አልቻልኩም። "ያቺ ደብተር…" ስለው ሳቀ። "ቲቸር፣ እሷን እስካሁን ይዘዋታል እንዴ?" አለኝ። አሁንስ ትሥላለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። እጁ ማውሱ ላይ እንዳለ፣ ሳያማርር፣ ዋጋ እንደሚናገር ሰው፣ "ማን ይገዛል?" አለኝ።

"ማን ይገዛል?" የምትለዋ ነገር ሳምንቱን ሙሉ አልለቀቀችኝም። የታሪክ መምህር ስለሆንኩ ወደ ኋላ ሄጄ ነው የፈለግኳት።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። እኛ አገር "ኮሚክ" የሚለው ቃል ራሱ ችግር አለበት። "ኮሚክ ሰው ነው" ስንል አስቂኝ ነው ማለታችን ነው። እኔ እዚህ ኮሚክ የምለው በተከታታይ ሳጥኖች በሥዕልና በጽሑፍ የሚተረክ ታሪክን ነው። ሊያስቅም ሊያስለቅስም ይችላል።

እንዲህ ከተረዳነው ደግሞ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ቤተ ክርስቲያን የገባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴን ወይም ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ያየ፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በክፍል በክፍል ተሥሎ፣ አንዱ ሥዕል ለሌላው ታሪኩን እያቀበለ ሲሄድ አይቷል። ማንበብ የማይችል ምእመን ግድግዳውን ያነብ ነበር። ብራና ላይም የተአምረ ማርያም መጻሕፍት አንዱን ተአምር በሁለትና በሦስት ሥዕል ከፍለው፣ ከሥሩ ወይም ከጎኑ አጭር ጽሑፍ አድርገው ይተርካሉ። የራሱ ሕግ ያለው ጥበብ ነው። ጻድቁ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያየናል፤ ክፉው በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው። ይሁዳን ከሐዋርያት መካከል ለመለየት ስም መጻፍ አያስፈልግም። ኋላ የዓድዋ ሥዕሎች ሲመጡም ሕጉ አልተቀየረም። የእኛ ሰው ፊት ለፊት፣ ጣሊያኑ በጎን፣ ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ። ተማሪዎቼን "ጠላት የቱ ነው?" ብላቸው ባንዲራውን ሳያዩ ይነግሩኛል።

ወደ ዛሬው ኮሚክ በጣም የሚቀርበው ግን የንግሥተ ሳባ ሥዕል ነው። ቸርችል ጎዳና ያሉት የባህል ዕቃ መሸጫዎች ውስጥ አይታችሁታል። አንድ ጨርቅ ላይ፣ በረድፍ በረድፍ፣ አርባ አራት ሳጥን። አርባ አራት ቁጥር ይወደዳል መሰለኝ፤ የጎንደርም ታቦት አርባ አራት ነው። ከእያንዳንዱ ሳጥን ሥር አንድ መስመር አማርኛ አለ። በብዙዎቹ ታሪኩ የሚጀምረው ሕዝቡን ከሚገዛው ዘንዶ ነው። አንዱ ጀግና መርዝ የበላች ፍየል አቅርቦ ይገድለዋል፣ እሱ ይነግሣል፣ ልጁ ማክዳ ትወርሳለች። ነጋዴው ታምሪን ስለ ሰሎሞን ይነግራታል። ትሄዳለች። ግብሩ ላይ ሆን ተብሎ ቅመም የበዛበት ምግብ ይቀርብላታል። ሌሊት ውሃ ይጠማታል። ውሃውን ስታነሣ ሰሎሞን እጇን ይይዛታል፤ ከቤቴ ምንም ላትወስጂ ምለሽልኛል ይላታል። ሣጥኖቹን ቆጥራችሁ ብታዩ ሠዓሊው ጥማቱንና ውሃውን በዝግታ ነው የሚተርከው። የት ቶሎ ማለፍ፣ የት መቆየት እንዳለበት ያውቃል። ዛሬ በውጭ አገር የኮሚክ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩት ይህንን ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጥበብ እያለን ለምን እንደ ጋዜጣ በየኪዮስኩ የሚሸጥ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በሳንቲሙ የሚገዛው ኮሚክ አልወጣንም? ብዙ ሰው መልሱ ድህነት ነው ይላል። ማንበብ የሚችል ሰው ማነስ ነው የሚልም አለ። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። የሌሎች ድሃ አገሮችን ታሪክ ሳይ ግን ሒሳቡ አልገጥም አለኝ።

ሜክሲኮን እንይ። ከአብዮቱ በኋላ መንግሥት ሕዝቡን ፊደል ማስቆጠር ያዘ። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1936፣ "ፔፒን" የሚባል የኮሚክ መጽሔት ተጀመረ። ቆይቶ በየቀኑ መውጣት ጀመረ፤ በየቀኑ ነው የምላችሁ። ከመወደዱ የተነሣ ሰዉ ኮሚክን ሁሉ "ፔፒን" ብሎ ይጠራ ጀመር። (እኛ ሳሙናውን ሁሉ ኦሞ እንደምንለው።) አዲስ ፊደል የቆጠረ ሰው ንባቡን የሚለማመድበት አገኘ፤ አንዱ ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ብዙ ሰው ያነበው ነበር።

ቻይናዎች ደግሞ መዳፍ የምታክል የሥዕል መጽሐፍ ነበረቻቸው፤ ሊየንኹዋንኹዋ ይሏታል። የሻንጋይ ልጅ መግዛት ባይችል ይከራያል። መንገድ ዳር ዝቅ ያለች አግዳሚ ላይ ተቀምጦ በሳንቲም አንብቦ ይመልሳል። ይህን ሳነብ የእኛ መጽሐፍ ኪራይ ትዝ አለኝ። ልቦለድ በቀን ሒሳብ ተከራይታችሁ ሌሊቱን በሻማ የጨረሳችሁ እዚህ ገጽ ላይ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ ኪራዩንም እናውቅበታለን።

ሕንድ ውስጥ አናንት ፓይ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1967 በቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር ሲያይ፣ ልጆቹ የግሪክ አማልክትን ጥያቄ ሲመልሱ የራማ እናት ማን ናት ሲባሉ ግን አቃታቸው ይባላል። በዚያው ዓመት "አማር ቺትራ ካታ" የሚባለው ተከታታይ ተጀመረ። የሕንድ ተረት፣ የሃይማኖት ታሪክ፣ ነገሥታትና አርበኞች ሁሉ በኮሚክ ተሠሩ፤ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ቅጂም ተሸጠ። ወቀሳም አላጣውም። ታሪኩን ከአንድ ወገን ብቻ ያያል፣ ጥቁር የቆዳ ቀለም ለክፉዎቹ ይሰጣል ተብሎ ተተችቷል። የእኛን አንድ ዓይን ያስታውሳል። ሥዕል ሲያስተምር ጥላቻንም ሊያስተምር ይችላል፤ መምህር ይህን መርሳት የለበትም።

ከሁሉ ልቤን የነካኝ ግን ኪንሻሳ ነው። በሞቡቱ የመጨረሻ ዓመታት ኢኮኖሚው ወድቆ፣ ገንዘቡ ዋጋ አጥቶ፣ ፓፓ ምፉሙኤቶ የሚባል ሠዓሊ ርካሽ ወረቀት ላይ በእጁ እየጻፈ፣ እየሣለ፣ ራሱ እያሳተመ መንገድ ላይ ይሸጥ ነበር። ቋንቋው የትምህርት ቤቱ ፈረንሳይኛ አይደለም፤ የገበያው ሊንጋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው አንድ ታሪክ ከተማዋን አነጋገረ። አንድ ሀብታም ሰው ሴት ወደ ቤቱ ይወስዳል፤ ከዚያ ዘንዶ ሆኖ ይውጣታል፣ ገንዘብም ያስመልሳል። ስም የለውም። ሰዉ ግን ይህ ሞቡቱ ነው ብሎ አነበበው። የእኛው አርባ አራት ሳጥንም በዘንዶ ንጉሥ ነው የሚጀምረው አላልኳችሁም? ልዩነቱ የኪንሻሳው ዘንዶ የትናንት ሳይሆን የዚያን ዕለት ዘንዶ መሆኑ ነው። ድሃ አገር፣ የከሰረ ኢኮኖሚ፣ ጨቋኝ መንግሥት፤ ኮሚኩ ግን ተሸጠ።

እንግዲህ ድህነት ብቻውን መልስ አይሆንም። ወደ ልጁ ጥያቄ ስመለስ የገባኝ ይህ ነው። የእኛን የሥዕል ታሪክ ማን ይገዛው ነበር? የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ንጉሡ፣ መኳንንቱ ወይም ደብሩ ያሠሩታል። የዓድዋውንና የሳባውን ሥዕል መኳንንት፣ በኋላም በአብዛኛው ፈረንጅ ይገዛዋል። አርባ አራቱ ሳጥን የተሣለለት ሰው ሌላ፣ ታሪኩን የሚያውቀው ሰው ሌላ። ቱሪስቱ አማርኛውን ማንበብ አይችልም፤ ማንበብ የሚችለው የኮልፌ ልጅ አይገዛውም። የሠዓሊው እጅ አልተበላሸም፣ አንባቢውን ግን ፊት ለፊት ሳያገኘው ዘመናት አለፉ። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ የሥነ ጥበብ ምሁራን ካላችሁ አርሙኝ። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤታችን በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገ ሰላም ጥረት ሲከፈትም ትልልቅ ሠዓሊዎች አፈራልን፤ እነሱም የሣሉት ለአዳራሽና ለጋለሪ ነበር።

ሕትመቱስ? ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ነገር ግን በንጉሡም በደርግም ዘመን ጽሑፍ ሁሉ ከመታተሙ በፊት በሳንሱር ያልፋል። ጽሑፍ ሳንሱር ሲደረግ አንድ ቃል ተሰርዞ ሌላ ይገባል፤ ሥዕል ሲሰረዝ ግን ሳጥኑ ባዶ ይቀራል። ደርግ ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታላቁን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጀመረ፤ ከዩኔስኮም ተሸለመበት። እነ አያቶቻችን ፊደል ቆጠሩ። ልክ እንደ ሜክሲኮ ሚሊዮን አዲስ አንባቢ ተፈጠረ። ያ አንባቢ በእጁ የተሰጠው ግን ስለ እርሻ፣ ስለ ጤናና ስለ ኅብረተሰባዊነት የሚያስተምር በራሪ ነው። ዛሬ ማታ እንቅልፍ አጥቶ "ነገ ምን ይመጣ ይሆን?" የሚልበት ተከታታይ አልተሰጠውም።

ተከታታዩ የመጣለት በሌላ በር ነው፦ በጆሮ። ወጋየሁ ንጋቱ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን በሬዲዮ ሲተርክ ሰፈር ሁሉ ጸጥ ይል እንደነበር ታላላቆቻችን ይነግሩናል። አባባ ተስፋዬም ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ከአርባ ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ተረት የነገሩን ቁጭ ብለው፣ በአንደበታቸው ነው። ሥዕሉን በጭንቅላታችን እኛ ሣልነው። ሌላው አገር በኮሚክ ያገኘውን ጣዕም እኛ በትረካ አገኘን ማለት ይቻላል። ዛሬም ታክሲ ውስጥ ሹፌሩ ትረካ ከፍቶ ተሳፋሪው መውረጃውን ሲረሳ አይቻለሁ። (እኔ ነኝ የረሳሁት። ጦር ኃይሎች ነበር የምወርደው።) ይህ ድክመት አይደለም፤ እንዲያውም ሕዝቡ ተከታታይ ታሪክ እንደሚወድ ማስረጃው ይኸው ነው።

በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ሲወጣ የግል ጋዜጣና መጽሔት እንደ አሸን ፈላ። ካርቱንም አብሮ መጣ። ግን በአብዛኛው አንድ ሳጥን ነው፦ ወፍራም ባለሥልጣን፣ ቀጭን ሕዝብ፣ አንዲት ቀልድ። አንድ ሳጥን ያስቃል እንጂ አያስከትልም። ጋዜጦቹም አዘጋጁ ሲታሰር ወይም የወረቀት ዋጋ ሲንር ይዘጉ ነበር። ወረቀቱ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ስለሆነ የሚቀጥለው ሳምንት እትም መውጣቱ የማይታወቅበት ቦታ ላይ "ይቀጥላል" ብሎ መጻፍ ድፍረት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ብዙዎቻችሁ አብራችሁኝ አይታችኋል። "ፀሐይ መማር ትወዳለች" በ1998 እና 99 ዓ.ም. አካባቢ ስትጀምር ብሩክታዊት ጥጋቡ የአንደኛ ደረጃ መምህርት የነበረች ናት። ከባለቤቷ ጋር በቤታቸው አሻንጉሊት ሠርተው ነው የጀመሩት። ያቺ ቀጭኔ እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ሽልማት አገኘች። መምህር ስለሆነች ብቻ ሁልጊዜ ለተማሪዎቼ እጠራላቸዋለሁ፤ ቅናትም አለበት መሰለኝ። ከዚያው ቤት ነው "ጥበብ ገርልስ" የወጣችው፤ ልዩ ኃይል ያላቸው ሦስት ልጃገረዶች፣ በአኒሜሽንም በኮሚክ መጽሐፍም። ጥሩ ሥራ ነው። የልጅ ጋብቻን ያህል ከባድ ጉዳይ ለልጅ በሚገባ መንገድ ያነሣል። ገንዘቡ ግን በአብዛኛው ከለጋሽ ነው። ለጋሽ ሲኖር ይታተማል፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ይቆማል። በእርዳታ የሚመጣ ነገር ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ኬንያ ውስጥ "ሹጃዝ" የሚባለው ኮሚክ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በነፃ ነው የሚታደለው፤ በጋዜጣ ውስጥ ታጥፎ፣ በኤምፔሳ ሱቆችም። በ2012 ዓለም አቀፍ ኤሚ ሽልማት ወስዷል። የወደድኩት ቋንቋውን ነው። የናይሮቢ ልጆች በሚያወሩበት ሼንግ የተጻፈ ነው። ከላይ የሚመክር አይመስልም፤ አጠገብህ ቁጭ ብሎ የሚያወራህ ጓደኛ ነው።

ደግሞ ዲያስፖራው አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 በሰራት ደበበ በመሠረተው ዕጣን ኮሚክስ በኩል "ጀምበር" ወጣ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን ይባላል፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ያጣ ወጣት ነው። ይህን ለክፍሌ ስነግራቸው አንዱ "ቲቸር፣ ሱፐር ሂሮ ከመሆን ሥራ ማግኘት ነው የሚከብደው" አለኝ። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔ ግን ቶሎ አልሳቅሁም። ቀጥሎ "ሐዊ" መጣች፤ አሜሪካ ያደገች ወጣት ከእናቷ ጋር ወደ አገር ቤት ትመጣለች፣ እናቷ ትታገትባታለች። ከዚያ "ዙፋን"፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን። ይህ መንገድ ሌላም ቦታ ታይቷል። የአይቮሪ ኮስቷ ማርጌሪት አቡዌ በአሥራ ሁለት ዓመቷ አገሯን ለቃ ፈረንሳይ ያደገች ናት። "አያ" የሚለውን ታሪኳን እ.ኤ.አ. በ2005 እዚያው አሳተመች፤ ታሪኩ የሚካሄደው ግን የአቢጃን ምዕራብ ሰፈር በሆነው ዮፑጎን ነው። ጦርነትና ረሃብ የለበትም፤ ፍቅር፣ ሐሜት፣ አባት፣ ዳንስ ቤት ነው ያለው። የከተማ ምዕራብ ሰፈር መሆኑን ሳይ "እኛስ?" አልኩ። ኮልፌ ውስጥ ፍቅርና ሐሜት ጠፍቶ ነው?

ስለ ኮልፌ ካነሣን አይቀር። እ.ኤ.አ. በ1962 ኔልሰን ማንዴላ እዚሁ ኮልፌ፣ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ማሰልጠኛ ውስጥ ወታደራዊ ሥልጠና እንደወሰደ ታውቃላችሁ። ያሰለጠነው ክፍል አዛዥ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ነበሩ። ተኩስ፣ ፈንጂ፣ ሸክም ተሸክሞ ረጅም ጉዞ። ለስድስት ወር የታሰበው ሳያልቅ ተቋረጠ፤ ድርጅቱ ጠራው። ኮሎኔሉ ሽጉጥና 200 ጥይት ሰጥተው ሸኙት። አገሩ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ተያዘ፣ ከዚያ 27 ዓመት እስር። የማንዴላ ፋውንዴሽን የሕይወት ታሪኩን በኮሚክ አሠርቶ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በክፍል በክፍል ለደቡብ አፍሪካ ተማሪዎች በነፃ አድሏል፤ በኋላም በአንድ መጽሐፍ ተጠቃሏል። የጆሃንስበርግ ልጅ ማንዴላን በሳጥን ያነበዋል። በዚያው በሰለጠነበት ሰፈር የሚማር የእኔ ተማሪ ግን ከታሪኩ ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ በእንግሊዝኛ ኖት ይገለብጣል።

ከማተሚያ ቤቱ ስመለስ ይህን ነገር ማሰብ አላቆምኩም። ሰኞ ክፍል ገባሁና የቤት ሥራውን ቀየርኩት። ማንዴላ በኮልፌ፣ ስምንት ሳጥን፣ በፈለጋችሁት ቋንቋ። መሣል የማይችል ሰው በዱላ ሰው ይሣል፤ ነጥቡ የሚያዘው በሥዕሉ ማማር አይደለም፣ ምን መርጦ እንዳስገባና ምን እንደተወ ነው። ታሪክ መጻፍ ማለትም ይኸው አይደል?

ሐሙስ ሰበሰብኩት። ግማሹ እንደተለመደው ከጓደኛ የተቀዳ ነው። ሁለት ሦስቱ ማንዴላን በሽበቱ ሣሉት፤ ሰልጣኙ ያኔ በአርባዎቹ ዕድሜ ያለ ጎልማሳ እንደነበር የገባቸው ያኔ ነው፣ ክፍል ውስጥ ተከራከርንበት። አንዲት ልጅ ግን ስምንቱንም ሳጥን የሠራችው ስለ ጉዞው ብቻ ነው። ማንዴላ ሸክሙን ተሸክሞ ዳገት ይወጣል። አንዲት ቆሎ ሻጭ ሴትዮ ቁጭ ብላ ታየዋለች። ሳጥን ሦስት ላይ ያልፋታል፣ ሳጥን አምስት ላይ ተመልሶ ያልፋታል፣ ሳጥን ሰባት ላይ ቆሎ ትሰጠዋለች። "ስንት ነው?" ይላታል በአማርኛ። የመጨረሻው ሳጥን ላይ ሴትዮዋ "ሂድ፣ ስትመለስ ትከፍላለህ" ትለዋለች። ቀና ብዬ ልጅቷን አየኋት፤ እሷ በመስኮት ውጪ ውጪውን ታያለች።

ቅዳሜ ወረቀቶቹን ይዤ ያ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ልጁ አንድ በአንድ ገለጠ። የቆሎዋ ላይ ሲደርስ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረ። ከዚያ ወዲያው ወደ ሒሳብ ገባ፤ እኔ ያላሰብኩትን አሰበ። ኤ ፎር ወረቀት ለሁለት ሲታጠፍ ከፊትና ከኋላ አራት ገጽ ይሆናል። አራት ወረቀት አሥራ ስድስት ገጽ። ባለ ቀለም ከሆነ አይቻልም፣ ጥቁርና ነጭ ከሆነ የአንዷ ወጪ ከአንድ ማኪያቶ ብዙም አይበልጥም። ፊደላችን ደግሞ ለፊኛ ይመቻል አለኝ፤ እንግሊዝኛው በሦስት በአራት ፊደል የሚጽፈውን እኛ በአንድ ሁለት ፊደል እንጨርሰዋለን፣ ቦታ ይተርፋል። መሸጫውን ሳስብ እኔ ጋዜጣ አዟሪ ነበር የታየኝ። እሱ ግን "ፎቶ ኮፒ ቤቶች" አለ። የድሮ ማትሪክ ጥያቄና ወርክሺት የሚሸጡልን በየትምህርት ቤቱ በር ያሉት። እነሱ ዘንድ ተማሪ ሁሌም አለ፣ ሳንቲምም ይዞ ነው የሚመጣው።

ስለዚህ ሃምሳ ቅጂ እንሞክራለን። አሥራ ስድስት ገጽ፣ የአምስት ተማሪዎች ሥራ፣ ፊተኛው የቆሎዋ ነው። የተሸጠው ገንዘብ ለሣሉት ልጆች ይከፋፈላል፤ ይህን ከወላጆቻቸው ጋርም ተነጋግሬያለሁ። ሽፋኑን ማን ይሥለው ስል ዝም አለ፣ ከዚያ "እስቲ ልየው" አለ። ልወጣ ስል ጠራኝ። ደንበኛ ሁሉ እንደሚጠየቀው ቀብድ ጠየቀኝ። ግማሹን ከፈልኩት፣ ደረሰኝ ጻፈልኝ።

አሁን ከእናንተ የምፈልገው። በእኔ ክፍል ውስጥ ደብተራችሁ ጀርባ ላይ የሣላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ከእኔ የደበቃችሁት። ያ ደብተር እናታችሁ ቤት፣ አልጋ ሥር፣ ማዳበሪያ ውስጥ ካለ ፎቶ አንስታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ስማችሁ እንዲወጣ ካልፈለጋችሁ አይወጣም። ለሁለተኛው እትም ነው፣ የመጀመሪያው ሃምሳ ካለቀ። 18 ማዞሪያ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላችሁም አናግሩኝ፤ በአንዷ ቅጂ ስንት እንደሚታሰብላችሁ በስልክ እንነጋገራለን።